የሚንቀጫቀጭ አምፕሊፋየር፤ ስፒከር ከመለወጥ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የሚወጣው ከጊታሩ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የኤሌክትሪክ ጊታር ገመዱ ሳይሰካ ቢመታ የሚወጣው ድምፅ ደካማ ነው። አዳራሹን የሚሞላው ድምፅ የሚወለደው በአምፕሊፋየሩ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠው ስፒከር ነው። ስለዚህ ስፒከሩ ወይም ሣጥኑ ሲታመም፣ የጊታረኛው ጣት ምንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ አድማጩ የሚሰማው የታመመ ድምፅ ይሆናል።

በሙዚቃ ክበቦች ዘንድ አንድ የተለመደ ነገር አለ። አምፕሊፋየሩ በልምምድ መካከል መንቀጫቀጭ ይጀምራል። ሁሉም በአንድ ቃል «ስፒከሩ ተቃጥሏል፤ ሌላ ይገዛ» ይላል። ከየኪሱ ገንዘብ ይዋጣል፤ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አደራ ይሰጣል፤ አዲሱ ስፒከር መጥቶ ይገጠማል፤ መንቀጫቀጩ ግን እንደ ነበረ ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ይንቀጫቀጭ የነበረው ስፒከሩ ሳይሆን በሣጥኑ ጀርባ ያለ አንድ የላላ ቪቴ ነው። አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው።

ይህ ጉዳይ በቦንጋ ለምንማር ተማሪዎች ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። ከቦንጋ እስከ ጅማ ያለው መንገድ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የጊታር ስፒከር እንደ ሳሙናና እንደ ባትሪ ድንጋይ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ያለ ቦታው የተገዛውን ለማስለወጥ የሚወጣው የመኪና ዋጋና የሚጠፋው ጊዜ በዕቃው ዋጋ ላይ ሲታከል የክበቡን መዋጮ ጨርሶ ይበላዋል። ገንዘቡ የአንድ ሰው ቢሆን ጉዳቱ በአንድ ሰው ይቀር ነበር፤ የክበብ ዕቃ ግን የሁላችንም፣ ከእኛም በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች የሚተላለፍ ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ምክር በሦስት ቃል ይጠቃለላል፤ መጀመሪያ መፈለግ፣ ቀጥሎ መለካት፣ በመጨረሻ መለወጥ።

ስፒከር እንዴት ይሠራል?

ዛሬ የምንጠቀምበትን ስፒከር አሠራር ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መሐንዲሶች በ1925 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ የሚሠራበት ቁስ ቢሻሻልም መሠረቱ አልተለወጠም። ከኋላ ማግኔት አለ። በማግኔቱ መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ኮይል የሚባለው ቀጭን ጥቅል ሽቦ ይቆማል። ኮይሉ ከሾጣጣ ወረቀት ጋር ተጣብቋል። ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በኮይሉ ውስጥ ሲያልፍ፣ ማግኔቱ ኮይሉን አንድ ጊዜ ይስበዋል፣ አንድ ጊዜ ይገፋዋል፤ ወረቀቱም አብሮት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። አየሩን ገፍቶ ወደ ጆሯችን ድምፅ የሚያደርሰው ይኸው ወረቀት ነው።

የጊታር ወፍራሙ ስድስተኛ ክር፣ ሳይያዝ ሲመታ፣ በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ አምስተኛው 110 ጊዜ፣ ቀጭኑ አንደኛ ክር ደግሞ 330 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ወረቀቱም በዚሁ ቍጥር መመላለስ አለበት። ይህንንም ሁሉ ሲያደርግ ኮይሉ የማግኔቱን ግድግዳ መንካት የለበትም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ኮይሉን መሐል ለመሐል የሚያቆመው ከሾጣጣው ሥር ያለው እንደ ሞገድ የተጣጠፈ ጨርቅ ሲሆን፣ የወረቀቱን ዳር የሚይዘው ደግሞ በብረቱ ማቀፊያ ጠርዝ ላይ የተጣበቀው እጥፋት ነው። እንግዲህ አቧራ ቢገባ፣ ማቀፊያው ቢጣመም፣ ሙጫው ቢለቅ ወይም ወረቀቱ ቢቀደድ ስፒከሩ እውነተኛ በሽተኛ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ውጭ ያለው መንቀጫቀጭ ሁሉ የስፒከሩ ጎረቤቶች ጥፋት ነው።

የሚፈለግና የማይፈለግ ንዝረት

ንዝረት ሁሉ ጥፋት እንዳይመስለን። በገናችንን እንመልከት። በገና ያን የሚያስተክዝ ድምፅ የሚያገኘው በጅማቶቹና በበርኩማው መካከል በሚገቡ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ምክንያት ነው። ጅማቱ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል። ደርዳሪው ቆዳውን በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ እያደረገ ንዝረቱ ልክ የሚሆንበትን ቦታ ይፈልጋል። ቆዳው ቢወጣ በገናው በገና አይመስልም። በጊታርም ዘንድ እንዲሁ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ኪንክስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ጊታረኛ ዴቭ ዴቪስ የትንሽ አምፕሊፋየሩን ስፒከር ወረቀት በምላጭ ሰነጠቀው። ከዚያ የወጣው ሻካራ ድምፅ ባንዱን በዓለም አስጠራው፤ ዛሬ ጊታረኞች በእግር በሚረገጥ ትንሽ ሣጥን የሚያገኙት ሻካራነት ዘመዱ ነው።

ታዲያ የሚፈለገውን ከማይፈለገው በምን እንለያለን? መለያው ይህ ነው፤ የሚፈለገው ንዝረት የተጫዋቹን እጅ ይታዘዛል። ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ይበረታል፣ ቀስ ሲባል ይለዝባል፣ በክሮቹም ሁሉ ላይ በልክ ይገኛል። የማይፈለገው ግን አይታዘዝም። በአንዲት ኖታ ላይ ብቻ ብቅ ብሎ ቀጥላ ባለችው ላይ ይጠፋል፤ ወይም ኖታው ካበቃ በኋላ እንደ ሳንቲም ቆርቆሮ ላይ ሲንከባለል ይሰማል። በአንዲት ኖታ ላይ ብቻ የሚታይ መንቀጫቀጭ ትልቅ ምስክር ነው፤ አንድ የላላ ነገር በዚያች ኖታ ልክ እንዲርገበገብ የተመቸ መሆኑን ይነግረናል።

ፍለጋው ከየት ይጀምራል?

አስቀድሞ ሦስት ድምፆችን መለየት ይገባል። አንደኛው ማንም ሳይጫወት የሚሰማው የማያቋርጥ እምምታ ነው። የአገራችን መብራት በ220 ቮልትና በሰከንድ 50 ዑደት ስለሚመጣ እምምታው በ50 ወይም በ100 ልክ ይሰማል። መንሥኤው ኤሌክትሪክ እንጂ ስፒከሩ አይደለም፤ የመሬት ሽቦ ያልተያያዘበት ሶኬት ወይም ያረጀ የጊታር ገመድ ሊሆን ይችላል። ይህን እምምታ ለማጥፋት ብሎ ከመሰኪያው የመሬቱን ጥርስ መቁረጥ ግን በሰው ሕይወት መጫወት ነው፤ ከቶ አይደረግም። ሁለተኛው ቁልፍ ሲዞር ወይም ገመድ ሲነካ የሚሰማው ጭርጭርታ ነው፤ ይህ አቧራ የያዘው ቁልፍ ወይም የላላ መሰኪያ ነው። ሦስተኛው ኖታ ሲመታ ብቻ የሚሰማው መንቀጫቀጭ ነው። የምንፈልገው ይህን ሦስተኛውን ነው።

ፍለጋው ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ክፍሉ። የቆርቆሮ ጣራ፣ የመስኮት መስታወት፣ የብረት ወንበር፣ የከበሮው ሽቦ፣ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ፣ ሁሉም ለአንዳንድ ኖታ ይመልሳሉ። ጆሮ ደግሞ በቀላሉ ይታለላል፤ ከጣራ የመጣውን ከስፒከር የመጣ ያስመስላል። አምፕሊፋየሩን ወደ ሌላ ክፍል ወይም ወደ ደጅ አውጥቶ ያችኑ ኖታ መምታት ነው። መንቀጫቀጩ ከጠፋ ሥራው ተፈጸመ፤ አንዲት ሳንቲም አልወጣም።

2ኛ. ጊታሩ። ክር ከብረቱ ጋር ቢነካካ ወይም የመቃኛው ዳዶ ቢላላ ድምፁ በስፒከሩ ሊሰማ ይችላል። ጊታሩን ነቅሎ በምትኩ ከእጅ ስልክ ሙዚቃ ማስገባት ነው። መንቀጫቀጩ ከጊታሩ ጋር ከሄደ በሽታው እዚያው ነው።

3ኛ. አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ ሲለያዩ። የአምፕሊፋየሩን መውጫ በኦም ልኩ ከሚስማማ ሌላ ስፒከር ጋር አያይዞ መስማት ነው። በሌላው ስፒከርም ድምፁ ከተበላሸ ጥፋቱ በኤሌክትሪኩ ክፍል ነው፤ ንጹሕ ከሆነ ግን በስፒከሩ ወይም በሣጥኑ ነው። እንዲህ ነገሩን በሁለት እየከፈሉ መሄድ በላቦራቶሪ የተማርነው ዘዴ ነው፤ እያንዳንዱ ሙከራ ግማሹን ጥርጣሬ ያስወግዳል።

4ኛ. ሣጥኑ። ከመንቀጫቀጭ ብዙው የሚገኘው እዚህ ነው። የጀርባው ሳንቃ ቪቴዎች፣ እጀታው፣ የማዕዘኑ ብረት፣ የፋብሪካው ስም የተጻፈበት ፕላስቲክ፣ የፊቱ ጨርቅ የተወጠረበት እንጨት፣ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ሽቦ ወረቀቱን ሲነካ፣ ሣጥኑ ውስጥ የወደቀ ቪቴ በማግኔቱ ተስቦ ሲቀመጥ፣ እነዚህ ሁሉ ተጠርጣሪዎች ናቸው። የማስተጋቢያ ስፕሪንግ ያለው አምፕሊፋየር ከሆነ የስፕሪንጉም ሣጥን ይታያል።

5ኛ. ስፒከሩ ራሱ። ወደዚህ የሚደረሰው አራቱ ከተመረመሩ በኋላ ነው።

ለአራተኛው ደረጃ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ዛሬ በሁላችንም እጅ ያለው ስልክ ነው። አንድ ወጥ ድምፅ የሚያወጣ፣ ቍጥሩም የሚቀየር መተግበሪያ በነፃ ይገኛል። ስልኩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አያይዞ፣ ድምፁን መካከለኛ አድርጎ፣ ከ70 ጀምሮ ቀስ እያሉ እስከ 500 መውጣት ነው። ሣጥኑ በአንድ ቍጥር ላይ ድንገት ይንቀጫቀጫል። እዚያው ላይ ማቆም ይገባል። ድምፁ ሳይቋረጥ ስለሚቀጥል ሁለቱ እጆች ነፃ ናቸው፤ አንዱ ጓደኛ ከፊት ሆኖ ሲያዳምጥ ሌላው የሣጥኑን ክፍሎች በተራ በእጁ ይጫናል። ሲጫኑት ዝም የሚለው ክፍል ጥፋተኛው ነው። እጅ የማይደርስበት ቦታ ካለ አንድ ክንድ የሚያህል የላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ከጆሮ፣ ሌላውን ጫፍ ከሚጠረጠረው ቦታ አጠገብ አድርጎ ማዳመጥ እንደ ሐኪም መሣሪያ ያገለግላል። ቱቦው ግን የመስታወት ቱቦዎችንም ሆነ ሽቦዎችን አይንካ።

የላላ ቪቴ ይጠብቃል። ቀዳዳው ሰፍቶ ቪቴው አልይዝ ካለ ሁለት ሦስት ስቴኪኒ ኮላ ቀብቶ ቀዳዳው ውስጥ መክተት፣ ከደረቀም በኋላ ጫፉን ቆርጦ ቪቴውን መልሶ ማሰር ነው። ሁለት እንጨቶች ከተነካኩ በመካከላቸው ቀጭን የወፍራም ጨርቅ ወይም ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ይገባል። ሽቦው በክር ይታሰራል። ወጪው ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥም።

ስፒከሩን መመርመር

በመጀመሪያ ወረቀቱን በብርሃን ፊት ማየት ነው። ትንሽ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ካለ ሊጠገን ይችላል። እንደ ሻይ ከረጢት ወረቀት ያለ ስስ ወረቀት፣ በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ተቀብቶ፣ በሁለቱም በኩል ይለጠፋል። ወፍራም ማጣበቂያና ፕላስተር መለጠፍ ግን ወረቀቱን ያከብደዋል፤ የከበደ ወረቀት ደግሞ እንደ ቀድሞው ፈጥኖ አይመላለስም።

ቀጥሎ አምፕሊፋየሩ ከመብራት ከተነቀለ በኋላ የሁለት እጅ ጣቶችን በሾጣጣው ግራና ቀኝ እኩል አሳርፎ ወረቀቱን በጣም በቀስታ ወደ ውስጥ መጫንና መልቀቅ ነው። ምንም ድምፅ ካልተሰማ ኮይሉ መሐል ላይ ነው። እንደ አሸዋ የሚፋተግ ድምፅ ከተሰማ ግን ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው። አንዳንድ ጊዜ ስፒከሩን ፈትቶ የላዩን ወደ ታች አዙሮ ማሰር ይረዳል፤ ለብዙ ዓመት በአንድ በኩል ያዘነበለው ክብደት ወደ ሌላው ይዞራልና። ይህ ካልረዳ ስፒከሩ ወደ ባለሙያ ይሄዳል ወይም ይለወጣል።

በመጨረሻ በቴስተር መለካት ነው። ከሁለቱ የስፒከር ሽቦዎች አንዱን አላቅቆ የኦሙን ልክ ማንበብ ያስፈልጋል። 8 ኦም የተጻፈበት ስፒከር በቴስተር ከ6 እስከ 7 ያህል ያሳያል፤ 16 የተጻፈበት 12 ወይም 13፣ 4 የተጻፈበት ከ3 ጥቂት ከፍ ይላል። ይህ ጤና ነው፤ ምክንያቱም በላዩ የተጻፈው ቍጥር ድምፅ ሲያልፍ የሚኖረውን ተቃውሞ የሚያመለክት ሲሆን ቴስተሩ የሚለካው የሽቦውን ብቻ ነው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ያለ ጥርጥር መለወጥ ይገባል።

የከፋ እርጥበት ሥራ

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አየር ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። ከፋ ዝናም የሚበዛበት፣ ደኑ ጉም የሚለብስ ምድር ነው፤ ደኑንም ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ለቡናና ለማር የተመቸው ይህ እርጥበት ለወረቀት፣ ለሙጫና ለብረት አይመችም። የቡና ገበሬ ቡናው እርጥበቱ ወደ 12 ከመቶ ገደማ ካልወረደ በጎተራ እንደሚሻግት ያውቃል። የስፒከር ወረቀትም እንዲሁ እርጥበት ይጠጣል፤ ይከብዳል፤ ይለሰልሳል፤ ሲብስም ይሻግታል። የሣጥኑ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በዚህ መመላለስ ቪቴዎቹ እየላሉ ይሄዳሉ። ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ቺፕውድ ከሆነ አንድ ጊዜ አብጦ መልሶ አይጠብቅም። ክረምት ሲያልፍ አምፕሊፋየሮች የሚንቀጫቀጩበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ መድኃኒቱም አዲስ ስፒከር ሳይሆን ካቻቢቴ ነው።

ስለዚህ አምፕሊፋየር በሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አይቀመጥ፤ ከሥሩ ሳንቃ ይደረግለት፣ ከግድግዳውም ራቅ ይበል። ሲሸፈን በጨርቅ እንጂ በላስቲክ አይሸፈን፤ ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራልና። እርጥበት ገባበት ተብሎም ከከሰል ምድጃ አጠገብ አይሰጣ፤ ሙቀቱ ሙጫውን ይለቀዋል፣ ወረቀቱንም ያጣምመዋል። የፊቱ ሳንቃ ተበላሽቶ አዲስ የሚሠራ ከሆነ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ ኮምፔርሳቶ ይበቃል። በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን የሚበቅለው ቀረሮ ለኮምፔርሳቶ የሚሆን እንጨት መሆኑን ማስታወስ ደስ ይላል።

መለወጥ ግድ ሲሆን

ስፒከሩ በእርግጥ ከሞተ፣ ወይም ክበቡ አስቦበት የተለየ ድምፅ ከፈለገ፣ ከገንዘቡ በፊት አራት ቍጥሮች በወረቀት መጻፍ አለባቸው።

የመጀመሪያው የኦሙ ቍጥር ነው። አምፕሊፋየሩ በጀርባው 8 ኦም የሚል ከሆነ 8 ኦም ስፒከር ይገዛለታል። ሁለት ስፒከር ካለው የአያያዙ ነገር ይታሰብ። ሁለት ባለ 8 ኦም ጎን ለጎን ሲያያዙ 4 ይሆናሉ፣ በተከታታይ ሲያያዙ 16 ይሆናሉ። ሁለት ባለ 16 ጎን ለጎን ሲያያዙ ደግሞ 8 ይሆናሉ። ባለ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ከተጻፈለት ዝቅተኛ ቍጥር በታች ያለ ስፒከር ሲገጠምለት ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ባለ መስታወት ቱቦ አምፕሊፋየር በተቃራኒው ያለ ስፒከር መከፈትን አይችልም፤ መውጫው ባዶውን ሲሆን ትራንስፎርመሩን ያጣል።

ሁለተኛው የዋቱ ቍጥር ነው። አምፕሊፋየሩ 30 ዋት ከሆነ ስፒከሩ 50 ወይም 60 ዋት የሚችል ቢሆን ይሻላል፤ አምፕሊፋየር ሻካራ ድምፅ እንዲያወጣ ሲከፈት ከተጻፈለት በላይ ይሰጣልና።

ሦስተኛው በዴሲቤል የሚጻፈው የስፒከሩ ንቃት ነው። ይህን ቍጥር ብዙ ሰው አያነበውም፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። የ3 ዴሲቤል ልዩነት የአምፕሊፋየሩን ኀይል እጥፍ እንደማድረግ ነው። በ15 ዋት አምፕሊፋየር ላይ የተገጠመ ባለ 100 ዴሲቤል ስፒከር፣ በ30 ዋት ላይ የተገጠመውን ባለ 97 ዴሲቤል ያህል ይጮኻል። ለምሳሌ ሴሌስሽን የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የሚሠራው ቪንቴጅ 30 የተባለ ስፒከር 60 ዋት ይችላል፣ ንቃቱም 100 ዴሲቤል ነው። አምፕሊፋየራችን ደካማ ነው ብሎ ሌላ አምፕሊፋየር ለመግዛት የሚያስብ ክበብ አስቀድሞ ይህን ቍጥር ይመልከት።

አራተኛው ስፋቱ ነው። 12 ኢንች የሚባለው ስፒከር በውጭ ጠርዙ 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የሳንቃው ቀዳዳ፣ የብሎኖቹ ርቀት፣ የማግኔቱም ጥልቀት ይለካ፤ ትልቅ ማግኔት ከኋላ ያለውን ትራንስፎርመር ሊነካ ይችላል።

የመኪና ወይም የቤት ማጫወቻ ስፒከር ርካሽ ነው ተብሎ አይገጠም። የመኪናው ብዙውን ጊዜ 4 ኦም ነው፣ ንቃቱም ዝቅተኛ ነው። ከዚህም በላይ የጊታር ስፒከር በሰከንድ ከ5000 ዑደት በላይ ያለውን ድምፅ በብዛት ያስቀራል፤ ሻካራው ድምፅ ለጆሮ የሚለሰልሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉን የሚያሰማ ስፒከር ሲገጠም ያው ሻካራ ድምፅ እንደ ንብ መንጋ ይሆናል። ቤዝ ጊታርም በጊታር አምፕሊፋየር አይጫወት፤ የቤዝ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ስለሚርገበገብ ወረቀቱን ከልኩ አልፎ እንዲሄድ ያስገድደዋል።

አገጣጠሙ

አምፕሊፋየሩ ከመብራት ይነቀላል። ባለ መስታወት ቱቦ ከሆነ ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ታምቆ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ከስፒከሩና ከሽቦው በቀር የኤሌክትሪኩን ክፍል ማንም ያልተማረ ሰው አይክፈት። ሽቦዎቹ ሳይነቀሉ በፊት በስልክ ፎቶግራፍ ይነሡ። ሣጥኑ በፊቱ ይተኛ፤ ቆሞ ሲፈታ ስፒከሩ ወድቆ ይቀደዳልና። ካቻቢቴ በእጅ ይጥበቅ፤ ማግኔቱ ድንገት ስቦት ወረቀቱን የወጋበት ስፒከር ቍጥሩ ቀላል አይደለም።

ዳዶዎቹ እንደ መኪና ጎማ በሰያፍ እየተፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ይጠብቁ። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ማቀፊያውን ያጣምመዋል፤ አዲሱም ስፒከር በገዛ እጃችን መፋተግ ይጀምራል። ሳንቃው ጎርባጣ ከሆነ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከል። ሁለት ስፒከር ካለ አቅጣጫቸው አንድ መሆን አለበት። በ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ቢነኩ የሁለቱም ወረቀት ወደ ፊት መውጣት ይገባዋል። አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ከሄደ አንዱ የሚገፋውን አየር ሌላው ይስበዋል፤ ወፍራሙም ድምፅ ይጠፋል።

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ያው የስልክ ድምፅ ከ70 እስከ 500 እንደገና ይሞከር። ጸጥ ካለ ሥራው ተፈጸመ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ቴስተር፣ ጥቂት ኮላና አንድ ትዕግሥተኛ ጓደኛ ይበቃሉ። በየክበቡ አንድ ደብተር ተከፍቶ አምፕሊፋየሩ መቼ እንደ ተንቀጫቀጨ፣ በስንት ቍጥር ላይ እንደ ሆነ፣ ጥፋቱም የት እንደ ተገኘ ቢጻፍ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ፍለጋውን ከሀ አይጀምሩትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት የሚገዛ ደግሞ ገንዘቡን ያጣል፣ በሽታውም ይቀርለታል።